ከአድዋ ወንዝ እስከ ጉባኤው አዳራሽ፦ የእንዶድ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል?



ባለፈው ወር ስብሰባ ሳንስማማ የተለያየንበትን ጉዳይ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በአቅራቢያችን ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ። ተመራማሪዎቹ በርበሬ እንዴት እንደምናደርቅና እንደምናስቀምጥ ማጥናት ይፈልጋሉ። በዚያው የሦስት ቀን ሥልጠና ይሰጡናል። ከእኛም ሁለት ሰዎች በዓመታዊ የጥናት ጉባኤያቸው ላይ ተገኝተው ስለ ሥራችን እንዲናገሩ ጠይቀዋል። ገሚሶቻችን ደስ አለን፤ የገሚሶቻችን ፊት ጠቆረ። አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ “መጥተው ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን አናይም” ሲሉ አዳራሹ በማጉረምረም ተሞላ።

እውነታቸውን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መጠይቅ ይዘው የመጡ ተማሪዎች ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ አስፈትተውናል። ስንት ኪሎ እንደምንፈጭ፣ ስንት እንደምናተርፍ፣ ስንት ልጅ እንዳለን ሳይቀር ጠይቀው ጻፉ። ውጤቱን እናመጣላችኋለን ብለው ነበር፤ እስከ ዛሬ አላመጡም። በሌላ በኩል ደግሞ በዚህ ዓመት ሁለት ገዢዎች በርበሬያችንን ወደውት፣ የላብራቶሪ ወረቀት ስለሌለን ብቻ ትተውን ሄደዋል። ይህንንም ሁላችንም እናውቃለን።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። እስከዚያው እኛ በሒሳብ ክፍል የምንሠራው፣ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ነገሩን ከታሪክ ብናየው ይሻላል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። የመረጥነው ታሪክ የሩቅ አገር አይደለም። በየጓሮውና በየአጥሩ የምናውቀው የእንዶድ ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እናቶቻችን የሚያውቁት

ከመካከላችን በዕድሜ ከፍ ያሉት እንዶድን ማስተዋወቅ አያስፈልጋቸውም። ሐረግ የሚመስል ቁጥቋጦ ነው፤ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ጥቃቅን ፍሬ ያፈራል። ፍሬው ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። የሱቅ ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ጋቢው፣ ነጠላው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ወንዝ ወርዶ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። በትግርኛ ሽብቲ ይሉታል፤ በኦሮምኛ ሀንዶዴ። ከደቡብ እስከ ሰሜን ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው።

እናቶቻችን ሌላም ነገር ያውቁ ነበር። እንዶድ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ጠንከር ብሎ ውኃ ውስጥ ከገባ ዓሣ ይገድላል። በአፍ የሚወሰድ ነገርም አይደለም፤ ያለ ዐዋቂ የጠጡት ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ይህ ሁሉ ዕውቀት የትም አልተጻፈም ነበር። ከእናት ወደ ልጅ ወንዝ ዳር፣ ልብስ እየታሸ የሚተላለፍ ነበር።

ወንዙ ውስጥ የነበረው በሽታ

በዚያው ወንዝ ውስጥ ግን አንድ በሽታም ነበር፤ ቢልሃርዚያ። ይህ በሽታ የሚመጣው ከጥቃቅን ትሎች ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ሲሸና የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል፤ እዚያም ይራባል። ከቀንድ አውጣው በብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣና ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ሲያገኝ በቆዳው በኩል ይዘልቃል። ሰውነት ውስጥ አድጎ እንደየዓይነቱ አንጀትንና ጉበትን፣ ወይም የሽንት ፊኛን ይጎዳል።

እንግዲህ ውኃ ውስጥ ማን ይቆማል? ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ውኃ የምትቀዳ ልጅ፣ የሚዋኝ ሕፃን፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ። በሽታው ድሃን የሚመርጠው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የቧንቧ ውኃ የሌለው ሰው ወንዝ ከመውረድ ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የተያዙት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በአፍሪካ ይኖራሉ።

ከዚህ ማብራሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መራቢያ አያገኝም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች በየአገሩ ቀንድ አውጣ ማጥፊያ ይፈልጉ ነበር። የነበሩት ማጥፊያዎች በፋብሪካ የሚሠሩ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ኬሚካሎች ነበሩ። በሽታው ያለባቸው አገሮች ደግሞ ያጡት ይህንኑ የውጭ ምንዛሪ ነው።

1964፣ አድዋ

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1964 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገና ወጣት ነበሩ። በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። የሙያቸው መስክ ጥገኛ ተዋስያን ነበርና፣ በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያ እንዴት እንደሚተላለፍ ለማጥናት ወደ አድዋ ወረዱ። ሥራቸው በወንዞቹ ዳር እየተዘዋወሩ ቀንድ አውጣ መፈለግና መቁጠር ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ያዩት አልገጠም አላቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ከያዘችው የእንዶድ አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድታደርግ ጠየቋት። አደረገች። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሴቶቹ ያንን አረፋ ከዘመን ዘመን ወንዝ ውስጥ ሲለቁ ኖረዋል፤ የሚወርደውን ቀንድ አውጣ የሚቆጥር ሰው ግን አልነበረም። በዓለም ዙሪያ ቀንድ አውጣ የሚቆጥሩ ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ የአድዋ ሴቶች በምን ልብስ እንደሚያጥቡ ግን አያውቁም ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች የተገናኙት አንድ የተማረ ሰው መቁጠሪያውን ይዞ ሴቶቹ ወደሚሠሩበት ቦታ ስለወረደ ነው። ቢሮው ተቀምጦ ቢሆን አያገኘውም ነበር። ወንዝ ወርዶም ሴቶቹን ሳያናግር ቢመለስ አያገኘውም ነበር።

ቆጥሮ ማስረዳት

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እኛ የሒሳብ ሰዎች በደንብ የምንረዳው ዓይነት ነው። “ይገድላል” ማለት አይበቃም። ስንት እንዶድ በስንት ውኃ? በስንት ሰዓት? ደርቆ ሲከርም ኃይሉ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? ዶክተር አክሊሉ በ1965 የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1966 የሥነ ሕዋስያንና በሽታ ምርምር የሚካሄድበት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ፤ እርሳቸውም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ይህ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1970 ደግሞ የላብራቶሪና የመስክ ውጤታቸው በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ታተመ።

ትልቁ ማስረጃ የመጣው ከዚያው ከአድዋ ነው። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል የከተማዋ ወንዞች በየጊዜው በተፈጨ እንዶድ ታከሙ። ሥራው ሲጀመር ከተመረመረው ሕዝብ 63 በመቶው በሽታው ነበረበት፤ በመጨረሻው ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የሕፃናቱ ቁጥር ብዙ የሚናገር ነው። ትልልቆቹ በሽታውን ቀድሞ ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ልጅ ግን በሽታው ከተገኘበት ያገኘው በቅርብ ነው። ስለዚህ የሕፃናቱ ቁጥር መውረድ መተላለፉ ራሱ መቀነሱን ያሳያል።

ይህን ያህል ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ሰው ገንዘብ ያዥ ፊት ቢቆም ወዲያው ይፈረምለት ነበር። ለእንዶድ ግን አልተፈረመለትም።

“ደረሰኙ የማን ነው?”

ዓለም አቀፍ የጤና ተቋማት ያነሡት ጥያቄ ስለ ደኅንነቱ ነበር። እንዶድ ወንዝ ውስጥ በብዛት ሲጨመር ሰውን ይመርዛል ወይ? ከብትንስ? በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው? ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ያንን ውኃ ሰው ይጠጣዋል። ኦዲተር ደረሰኝ ሲጠይቀን ሌባ ብሎ እንደሰደበን መቁጠር እንደማይገባን ሁሉ፣ ይህንንም እንደ ክፋት ብቻ ማየት ተገቢ አይመስለንም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ምርመራው ተቀባይነት የሚያገኘው በታወቀ ደረጃ በተደራጁ ላብራቶሪዎች ከተሠራ ብቻ ነው ተባለ። እንደነዚያ ያሉት ላብራቶሪዎች ያሉት ደግሞ በሀብታም አገሮች ነበር። ምርመራው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለፋብሪካ ኬሚካል ቢሆን ኩባንያው ይከፍላል፤ ሽጦ ያተርፍበታላ! ማንም ሰው በጓሮው ለሚያበቅለው እንዶድ ግን ማን ይከፍላል? አትራፊ የለውም። ስለዚህ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ኋላ ላይ ይህን ሲያነሡ፣ በአፍሪካ ለምርምር እንቅፋት የሆነው የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ከአፍሪካ ጥሩ ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብለው ለመቀበል የሚቸገሩ ሰዎችና ድርጅቶች አመለካከትም ጭምር ነው የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ባልትናችንን እናስብ። በርበሬያችን ንጹሕ መሆኑን እኛ እናውቃለን። ገዢው ግን “አፍላቶክሲን የለበትም የሚል ወረቀት አምጡ” ይላል። አፍላቶክሲን በደንብ ባልደረቀ በርበሬና እህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ የሚወጣ፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይለይም። ገዢው መጠየቁ ስሕተት አይደለም። እኛም መመርመሪያ የለንም። በእኛና በወረቀቱ መካከል ያለው ክፍተት፣ በእንዶድና በዓለም ጤና መሥሪያ ቤቶች መካከል ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ጉባኤ ምን ጠቀመ?

ብዙዎቻችን ጉባኤ ሲባል የሚታየን ሻይና ብስኩት፣ የአበል ፊርማና ረጅም ንግግር ነው። እንዲህ ያለ ጉባኤ ሞልቷል፤ አንክድም። በእንዶድ ታሪክ ውስጥ ግን ሁለት ጉባኤዎች የማይናቅ ሥራ ሠርተዋል።

የመጀመሪያው በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የእንዶድ ዐውደ ጥናት ነው። እስከዚያ ድረስ እንዶድ ሲነሣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነገር ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ነበር። በሉሳካ ግን ጉዳዩ በሽታው ያለባቸው የአፍሪካ አገሮች የጋራ ጉዳይ ሆኖ ቀረበ። ተክሉ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል አይደለምና። የቀረቡትም ጥናቶች በመጽሐፍ ታተሙ።

ሁለተኛው በ1986 በምባባኔ፣ ያኔ ስዋዚላንድ ዛሬ ኢስዋቲኒ በምትባለው አገር ተካሄደ። ከዚህ ጉባኤ በስተኋላ የነበረችውን ሴት ስም እንድትይዙልን እንፈልጋለን፤ ሊዲያ ማኩቡ። ማኩቡ ኬሚስት ነበሩ። በ1973 በካናዳ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ሲያገኙ ከአገራቸው ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። ተመልሰው የአገራቸው ባህላዊ ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸውን ዕፅዋት ያጠኑ ጀመር፤ ከእነዚህም አንዱ እንዶድ ነበር። የምባባኔውን ጉባኤ ጥናቶች ከዶክተር አክሊሉ ጋር አዘጋጅተው ለኅትመት ካበቁት አንዷ እርሳቸው ናቸው። በኋላም የስዋዚላንድ ዩኒቨርሲቲን በምክትል ቻንስለርነት ለብዙ ዓመት መርተዋል። የሦስተኛው ዓለም ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ሲቋቋምም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች ይህን ታሪክ ቤት ወስዳችሁ ንገሯት።

እነዚህ ጉባኤዎች በራሳቸው አንድም ቀንድ አውጣ አልገደሉም። የጠቀሙት ሌላ ነገር ነው። የተበታተነውን ማስረጃ አንድ ቦታ ሰበሰቡ፣ ኬሚስቱን ከግብርና ባለሙያውና ከሐኪሙ ጋር አስቀመጡ፣ የጎደለው ምን እንደሆነ በግልጽ አወጡ፣ ሁሉንም አሳትመው አስቀመጡ። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይባል የለ። ወንዝ ዳር በቃል የነበረው ነገር ሊካድ በማይችል መልኩ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

የሥልጠናው ዋጋ

በዚህ መካከል በአገር ውስጥ ያሉት ሥራቸውን አላቆሙም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የግብርና ባለሙያ ጥያቄውን በሌላ አቅጣጫ ያዙት። እንዶድ ሁሉ አንድ ነው ወይ? ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች 65 ያህል ዓይነት እንዶድ ሰብስበው ተከሉ፣ ቁጥር ሰጧቸው፣ አወዳደሯቸው። ፍሬው የሚበዛው የቱ ነው? ቀንድ አውጣ በመግደል የሚበረታውስ? ከሁሉ የተሻለው 44ኛው ሆኖ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም “እንዶድ 44” እየተባለ ይጠራል። ይህ ሥራ የዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የተለየ ማሽን አይጠይቅም። መትከል፣ መጠበቅ፣ መመዘን፣ መመዝገብ ነው።

ሥልጠና ከሕዝብ ችግር ሲነሣ ምን እንደሚሠራ በአገራችን ከዚያ በፊትም ታይቷል። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የአገሪቱ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ገጠሩ ደግሞ በወባና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ይጠቃ ነበር። ኮሌጁ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ሰዎችን ከማፍራት ይልቅ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አሠለጠነ። ሠልጣኞቹም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ፣ አብረው መሥራትን እዚያው እንዲማሩ አደረገ። የሥልጠናው ይዘት የተቀዳው ሕዝቡ ከሚታመመው በሽታ ነበር። ዛሬ በየቤታችን የሚመጡት የጤና ባለሙያዎች የሚሠሩበት መንገድ ከዚያ ጊዜ ሐሳብ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ለሥልጠና ስንጠራ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ “አበል አለው?” መሆን የለበትም። “ከእኛ ችግር ነው የተነሣው ወይስ ከእነርሱ ዕቅድ?” የሚለው ነው።

ሽልማቱና ያልተዘጋው ሒሳብ

በመጨረሻ በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተጠየቀው የመርዛማነት ምርመራ ተሠራ። ለቀንድ አውጣ በሚበቃው መጠን ሲደረግ ለሰውና ለከብት አስጊ አለመሆኑ፣ ዓይንን ግን እንደሚያቃጥል፣ ለዓሣም ጎጂ መሆኑ ታወቀ። እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ “ታዲያ ይህንን ለማወቅ ይህን ሁሉ ዓመት?” ባሉ ነበር። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ከአድዋ ወንዝ እስከዚያ ቀን 25 ዓመት ሆኖታል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ለመቀበል ወደ አሜሪካ ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያ አካባቢ ያሉትን ትልልቅ ሐይቆች ከሌላ አህጉር የመጣ ዛጎል ለባሽ እንስሳ ወሮ የውኃ ቱቦዎችን እየደፈነ ነበር። እንዶድ ተሞከረበት፤ ገደለው። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ እንዶድን ለዚህ ሥራ የመጠቀም የፈጠራ መብት በአሜሪካ በዩኒቨርሲቲው በኩል ተመዘገበ። ዶክተር አክሊሉ ከመዝጋቢዎቹ አንዱ ነበሩ። ይሁንና ብዙዎች ጥያቄ አነሡ። ተክሉ የኢትዮጵያ፣ አረፋው የሴቶቹ፣ መብቱ የማን?

በዓለም አቀፍ ደረጃም እንዶድ ተስፋ የተደረገበትን ያህል አልተሠራበትም። ቢልሃርዚያን የመከላከሉ ሥራ በይበልጥ ወደ ፕራዚኳንቴል መድኃኒት አዘነበለ፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ለልጆቻችን የሚሰጠው ያ ነው። መድኃኒቱ ይረዳል። ቀንድ አውጣው ግን ወንዙ ውስጥ ነው፤ የዳነው ልጅ ተመልሶ ሲገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከመዝገቡ የጎደለው ስም

ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ስናየው አንድ የጎደለ ነገር አለ። የሳይንቲስቶቹ ስም አለ። ከእንዶድ የተገኘው ንጥረ ነገር እንኳ በዶክተር አክሊሉ አባት ስም “ለማቶክሲን” ተብሎ ተሰይሟል፤ የሚገባቸው ክብር ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ፣ የከተሞቹ፣ የጉባኤዎቹ ስም አለ። ዕውቀቱ የተቀዳባቸው ግን ታሪኩ በተነገረ ቁጥር “ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች” ብቻ ናቸው። ያቺ ከአረፋዋ ጨምሪ የተባለችው ሴት ማን ነበረች? በኋላ ውጤቱን የነገራት ሰው ነበረ? ልጆቿ ከዚያ ወንዝ ውስጥ በሽታ ይዟቸው ይሆን? መዝገቡ ዝም ይላል።

ይህን የምንለው ዶክተር አክሊሉን ለመውቀስ አይደለም። ወንዝ ድረስ ወርደው ሴት ያማከሩ፣ ከዚያም ለዚያ ዕውቀት ዕድሜ ልካቸውን የተሟገቱ ሰው ናቸው። የምንለው ስለ እኛ ነው። የአድዋ ሴቶች ማኅበር ቢኖራቸው፣ ቃለ ጉባኤ ቢይዙ፣ “በዚህ ቀን እገሌ የሚባሉ ተመራማሪ መጡ፣ ይህንን ጠየቁ፣ ይህንን ነገርናቸው” ብለው ቢጽፉ ኖሮ ታሪኩ ቢያንስ በአንድ መስመር ይለወጥ ነበር። እኛ ያ ማኅበር አለን። ጸሐፊ አለን፣ ማኅተም አለን፣ የፋይል ሳጥን አለን። ስለዚህ እንደ እነርሱ ስም አልባ ሆነን ብንቀር የምናመካኘው ሰው የለንም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። በሩን አንዝጋ። ያኔ ያቺ የአድዋ ሴት “ሥራ አለብኝ፣ አታስፈታኝ” ብትል ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ አይኖርም ነበር። የበርበሬያችንን ወረቀት የምናገኘውም መመርመሪያው ካላቸው ሰዎች ነው። ነገር ግን እንደ ባለፈው ጊዜ እጃችንን አጣጥፈን መልስ ብቻ ሰጥተን አንለያይ። ለደብዳቤው መልስ ስንጽፍ እነዚህን ነጥቦች እንጨምር፦

አንደኛ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱን እዚሁ አዳራሻችን መጥተው፣ በምንሰማው ቋንቋ እንዲነግሩን። ቀኑም ከአሁኑ ይወሰን።

ሁለተኛ፣ ከበርበሬያችን የሚወስዱት ናሙና ሁሉ በቁጥርና በክብደት ተመዝግቦ እንዲፈረምበት፣ የምርመራውም ውጤት ቅጂ በማኅበራችን ፋይል እንዲቀመጥ።

ሦስተኛ፣ አባሎቻችን ለጥናቱ የሚያውሉት የሥራ ቀን በሒሳብ ተይዞ እንዲካካስ። ለእነርሱ ምርምር ነው፤ ለእኛ የቀን ገቢ ነው።

አራተኛ፣ ሥልጠናው ስለ አፍላቶክሲንና ስለ አደራረቅ እንዲሆን፣ ከሚሰጡት ሰዎችም ጋር በርበሬ በማድረቅ ረጅም ልምድ ያላቸው የእኛ እናቶች አብረው እንዲያስተምሩ።

አምስተኛ፣ ጉባኤው ላይ የሚቀርበው ጽሑፍ የማኅበራችንን ስም እንዲይዝ፣ የሚሄዱት ሁለቱ ሰዎችም ለማጨብጨብ ሳይሆን ለመናገር እንዲሄዱ። አንዷ ባለፈው ወር የተቃወሙት እናታችን ቢሆኑ ደስ ይለናል። ጉባኤው መስማት ያለበት የእርሳቸውን ጥያቄ ነው።

ይህ ሁሉ ዋጋው አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው። አንፈርምም ካሉ ያኔ እንተወዋለን፤ ምክንያቱንም ቃለ ጉባኤ ላይ እናሰፍራለን። ከፈረሙ ደግሞ ከዚህ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ መነሻ ይሆናል።

ለስብሰባው ስትመጡ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ፣ ማንበብ ለማይችሉትም አንብባችሁላቸው፣ የምትጨምሩትንና የምትቀንሱትን ይዛችሁ ኑ። ስለ እንዶድ ከእናቶቻችሁ የሰማችሁት ካለም ንገሩን፤ ከነስማቸው መዝገብ ላይ እናሰፍረዋለን።

በቸር እንገናኝ።